ከአየር የታየው የዋልታ ምድር

ትምህርት አሥራ አራት

ንባብ

(ማስታወሻ፦ በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

፩. መግቢያ

አንድ ሰው በከፍተኛ ተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ ሸለቆው ቢመለከት፣ በሸለቆው ውስጥ ሲጓዝ ያላያቸውን ብዙ ነገሮች በአንድ ጊዜ ያያል። ወንዙ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚጠመዘዝ፣ መንደር ከመንደር፣ እርሻም ከእርሻ በምን እንደሚዋሰን ይገለጥለታል። ይሁን እንጂ ከወንዙ እስከ መንደሩ ያለው ርቀት ስንት እንደሆነ ቢጠየቅ፣ ወይም በሩቅ ጠቁሮ የሚታየው ነገር ዋሻ ይሁን ጥላ ለይቶ እንዲናገር ቢገደድ፣ በእርግጠኝነት መመለስ ያቅተዋል። ከፍታ ብዙ ያሳያል፤ የታየውን ነገር ልክና ምንነት ለማወቅ ግን ወርዶ መቅረብና መለካት ያስፈልጋል።

ይህ እውነት ጎልቶ ከታየባቸው ሥፍራዎች አንዱ የምድራችን ሁለት ጫፎች፣ ማለትም የሰሜንና የደቡብ ዋልታዎች አካባቢ ነው። ሰሜን ዋልታ የሚገኘው በየብስ በተከበበና ገጹ በበረዶ በተሸፈነ ውቅያኖስ መካከል ሲሆን፣ ደቡብ ዋልታ ግን አንታርክቲካ በሚባለው አህጉር ላይ ይገኛል። የአንታርክቲካ ስፋት 14 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ከ12 እጥፍ በላይ ይሆናል። ከዚህም ውስጥ 98 ከመቶ ያህሉ በበረዶ የተሸፈነ ነው፤ የበረዶውም ውፍረት በአማካይ ወደ 2 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚሁ አህጉር፣ ቮስቶክ በተባለው የምርምር ጣቢያ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1983 ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ቅዝቃዜ ተመዝግቧል። በዋልታዎቹ አካባቢ ፀሐይ በክረምት ለወራት አትወጣም፤ በበጋ ደግሞ ለወራት አትጠልቅም።

እንዲህ ያለውን ምድር በእግርና በውሾች እየተጓዙ ለማወቅ የተነሡ አገር አሳሾች ብዙ መከራ ተቀብለዋል። እንግሊዛዊው ሮበርት ስኮትና አራት ባልደረቦቹ በጥር 1912 ደቡብ ዋልታ ደርሰው ሲመለሱ በመንገድ ላይ ሁሉም አልቀዋል። ስለዚህ አውሮፕላን በተፈለሰፈ ጊዜ፣ የዋልታ ምድርን ከአየር ሆኖ በካሜራ ማንሣት የብዙ ዓመታትን ድካም የሚያስቀር መንገድ መስሎ ታየ። መንገዱ በእርግጥ ታላቅ ጥቅም አስገኝቷል፤ ሆኖም ጥቅሙ የተገኘው ከብዙ ስሕተትና ከከባድ ጥፋት በኋላ ነው።

፪. የአየር ፎቶግራፍና ካርታ

የአየር ፎቶግራፍ ማለት በፊኛ፣ በአውሮፕላን ወይም ምድርን በሚዞር ሳተላይት ላይ ሆኖ በካሜራ የሚነሣ የምድር ገጽ ሥዕል ነው። አነሣሡም ሁለት ዓይነት ነው። ካሜራው በቀጥታ ወደ ታች ሲመለከት የሚነሣው የቁልቁል ፎቶግራፍ ሲባል፣ ጋደል ብሎ ወደ አድማስ ሲመለከት የሚነሣው ደግሞ ሰያፍ ፎቶግራፍ ይባላል። የቁልቁል ፎቶግራፍ ለመለካት የተመቸ ነው። ሰያፍ ፎቶግራፍ በአንድ ጊዜ ሰፊ አገር ያሳያል፤ ነገር ግን ቅርቡን አግዝፎ ሩቁን ስለሚያሳንስ ርቀትን ከእርሱ ለክቶ ማውጣት ያስቸግራል።

ለካርታ ሥራ የሚበር አውሮፕላን ቀጥ ያለ መስመር ይዞ ይጓዛል። ካሜራውም በተወሰነ ጊዜ ልዩነት ያነሣል፤ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከቀደመው ጋር 60 ከመቶ ያህል እንዲደራረብ ይደረጋል። በዚህም ምክንያት አንድ ተራራ ቢያንስ በሁለት ፎቶግራፎች ላይ፣ ከሁለት የተለያዩ ነጥቦች የታየ ሆኖ ይገኛል። ሰው በሁለት ዐይኖቹ ሲያይ የነገሮችን ቅርበትና ርቀት እንደሚለይ ሁሉ፣ ሁለቱን ፎቶግራፎች ስቴሪዮስኮፕ በሚባል መሣሪያ ውስጥ ጎን ለጎን አድርጎ የሚመለከት ባለሙያም ተራራውን ከፍ ብሎ፣ ሸለቆውን ዝቅ ብሎ ያየዋል።

የፎቶግራፉ መስፈርት የሚገኘው በካሜራው ሌንስ የትኩረት ርቀትና አውሮፕላኑ ከመሬቱ በላይ ባለው ከፍታ ነው። ለምሳሌ የሌንሱ የትኩረት ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ አውሮፕላኑ ከመሬቱ 6000 ሜትር ከፍ ቢል፣ መስፈርቱ 1 ለ40000 ይሆናል። ይህም በፎቶግራፉ ላይ ያለው 1 ሴንቲ ሜትር በምድር ላይ 400 ሜትር ነው ማለት ነው። ነገር ግን በጥንቱ አውሮፕላን ላይ የነበረው መሣሪያ የሚያመለክተው ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ነው። ከአውሮፕላኑ በታች ያለው የበረዶ አምባ ራሱ 2000 ሜትር ከፍታ ያለው ቢሆን፣ አውሮፕላኑ ከመሬቱ የሚርቀው 4000 ሜትር ብቻ ነው። እንደዚያ ሲሆን አንዱ ሴንቲ ሜትር 400 ሜትር መሆኑ ይቀርና 267 ሜትር ገደማ ይሆናል። የአምባውን ከፍታ ማንም ለክቶ በማያውቅበት አገር ይህን ስሕተት ከፎቶግራፉ ብቻ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ከአየር ከሚነሣው ሥዕል ጋር በምድር ላይ የሚሠራ ሌላ ሥራ ያስፈልጋል። ቀያሾች በፎቶግራፉ ላይ በግልጽ ወደሚታይ ዐለት ወይም ጫፍ ሄደው፣ በመሣሪያ ፀሐይንና ከዋክብትን በመለካት የሥፍራውን ኬክሮስና ኬንትሮስ፣ እንዲሁም ከፍታውን ይወስናሉ። እንዲህ ያለው ሥፍራ የመሬት መቆጣጠሪያ ነጥብ ይባላል። ድንኳን ያለ ካስማ እንደማይቆም ሁሉ፣ ያለ መቆጣጠሪያ ነጥብ የተገጣጠሙ ፎቶግራፎችም በካርታ ላይ ጸንተው አይቆሙም።

፫. ያልነበረው ወሽመጥ

በአንታርክቲካ የመጀመሪያው የአየር ፎቶግራፍ የተነሣው በአውሮፕላን አይደለም። የካቲት 4 ቀን 1902 ሮበርት ስኮት በገመድ በታሰረ ፊኛ ወደ አየር ወጣ፤ ከእርሱም ቀጥሎ ኧርነስት ሻክልተን ካሜራ ይዞ ወጥቶ ከሁለት መቶ ሜትር ገደማ ከፍታ የበረዶውን ሜዳ ፎቶግራፍ አነሣ። ፊኛው ግን በገመድ የታሰረ ስለነበረ የሚያሳየው በዙሪያው ያለውን ብቻ ነበር።

ከ26 ዓመታት በኋላ፣ ኅዳር 16 ቀን 1928፣ አውስትራሊያዊው ሁበርት ዊልኪንስና አሜሪካዊው አውሮፕላን ነጂ ካርል ቤን አይልሰን ዲሴፕሽን ከተባለች ደሴት ተነሥተው በአንታርክቲካ የመጀመሪያውን የአውሮፕላን በረራ አደረጉ። ዊልኪንስ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጦር ሜዳ ፎቶግራፍ ሲያነሣ የነበረ፣ በካሜራ ሥራ የተፈተነ ሰው ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን ሁለቱ ሰዎች እንደገና ተነሥተው፣ ግራሃም ላንድ የተባለውን ረጅም ምድር ተከትለው ወደ ደቡብ በረሩ። በውሾች ቢሄዱ ወራት ይፈጅ የነበረውን፣ በደርሶ መልስ ወደ 2000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በአንድ ቀን ጨረሱት። ሰው ያላየውን አገር ከአየር ሆኖ በካርታ ላይ ማስፈር በአንታርክቲካ የተጀመረው በዚህ ቀን ነው።

ዊልኪንስ በመስኮቱ አጠገብ ሆኖ በእጅ ካሜራው ያነሣ፣ በወረቀትም ይነድፍ ነበር። በተራሮቹ መካከል ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጡ፣ ዝቅ ያሉና ለጥ ያሉ ነጭ መንገዶችን ተመለከተ። እነዚህም ገጻቸው የቀዘቀዘ የባሕር ወሽመጦች መሰሉት። ከእነርሱም አንዱን የክሬን ወሽመጥ፣ ሌላውን የኬሲ ወሽመጥ ብሎ ሰየማቸው። ግራሃም ላንድም የአህጉሩ አካል መሆኑ ቀርቶ በወሽመጦች የተከፋፈለ የደሴቶች ስብስብ ነው ብሎ ዘገበ። ወሬው በዓለም ተሰማ፤ ካርታዎችም በዚሁ መሠረት ተሣሉ።

ይህን ዘገባ በምድር ላይ ለመመርመር ዕድል ያገኘው ከ1934 እስከ 1937 በአካባቢው የቆየው የእንግሊዝ ግራሃም ላንድ የአሰሳ ቡድን ነው። መሪው ጆን ራይሚል እንደ ዊልኪንስ ሁሉ የአውስትራሊያ ተወላጅ ነበር። ቡድኑ አነስተኛ ገንዘብ፣ አንዲት መርከብ፣ አንዲት ትንሽ አውሮፕላንና በውሾች የሚሳቡ ተንሸራታቾች ብቻ ነበሩት። አሠራሩ ግን በማስተዋል የተመሠረተ ነበር። አስቀድሞ አውሮፕላኗ ትበርና ወደፊት ያለውን መንገድ ታያለች፤ ፎቶግራፍም ይነሣል። ቀጥሎ ሰዎች በተንሸራታች ሄደው ከአየር የታየውን ሥፍራ በእግራቸው ይረግጣሉ፤ በመሣሪያም ይለካሉ።

ራይሚልና ባልደረቦቹ ምድሩን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ባቋረጡ ጊዜ ወሽመጥ የሚባል ነገር አላገኙም። ግራሃም ላንድ ከአህጉሩ ጋር ያልተቋረጠ ባሕረ ገብ ምድር መሆኑ ተረጋገጠ። በ1947 ደግሞ ሌሎች እንግሊዛውያን ቀያሾች የዊልኪንስን ፎቶግራፍ ከራሳቸው ልኬት ጋር ሲያስተያዩ፣ የክሬን ወሽመጥ የተባለው በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ወደ ባሕር የሚወርድ ታላቅ የበረዶ ግግር መሆኑን ዐወቁ። ስለዚህ ስሙ ተለውጦ የክሬን የበረዶ ግግር ተባለ። የዊልኪንስ ካሜራ ያነሣው በእርግጥ የነበረውን ነው፤ ከፍታው ግን አልተለካም ነበር፤ ስሕተቱም የመጣው ከዚህ ነው።

፬. ሰባ ሺህ ፎቶግራፎች

አሜሪካዊው የባሕር ኃይል መኮንን ሪቻርድ በርድ ኅዳር 28 እና 29 ቀን 1929 ከሦስት ባልደረቦቹ ጋር በደቡብ ዋልታ ላይ በረረ። ከእነርሱ አንዱ አሽሊ ማኪንሊ የአየር ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። አውሮፕላኑ በተራሮች መካከል ወዳለው ከፍተኛ መተላለፊያ ሲደርስ ከብደቱ የተነሣ መውጣት አቃተው። ተጓዦቹም ክብደቱን ለመቀነስ የመጠባበቂያ ምግባቸውን ከረጢቶች ወደ ውጭ ጣሉ። አውሮፕላኑ ቢወድቅ በሕይወት የሚያቆያቸው ያ ምግብ ነበር። ካሜራው ግን አልተጣለም፤ ማኪንሊም ማንሣቱን አላቋረጠም። ተጓዦቹ ለፎቶግራፉ የሰጡት ዋጋ ምን ያህል እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይኸው በርድ የመራው ከ1946 እስከ 1947 የተካሄደው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ዘመቻ በመጠኑ ወደር አልነበረውም። 13 መርከቦችና ወደ 4700 የሚጠጉ ሰዎች ተሰለፉ። በአውሮፕላኖቹም ላይ ሦስት ሦስት ካሜራዎች ተተከሉ፤ አንዱ በቀጥታ ወደ ታች፣ ሁለቱ ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጋደል ብለው ስለሚያነሡ ምድሩ ከአድማስ እስከ አድማስ ይታይ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 70000 ያህል ፎቶግራፎች ተነሡ። ይህ ሥራ ያለ መሥዋዕትነት አልተፈጸመም፤ ታኅሣሥ 30 ቀን 1946 አንድ አውሮፕላን ወድቆ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ የተረፉት ስድስቱም የተገኙት ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ በበረዶ ላይ ከቆዩ በኋላ ነበር።

ፎቶግራፎቹ ወደ አሜሪካ ተወስደው የካርታ ሥራ ሲጀመር ግን ከብዙዎቹ ትክክለኛ ካርታ ማውጣት እንደማይቻል ታወቀ። በምድሩ ላይ የተለካ መቆጣጠሪያ ነጥብ አልነበረምና፣ ይህ ተራራ በየትኛው ኬክሮስና ኬንትሮስ ላይ እንደቆመ የሚመሰክር አልተገኘም። ስለሆነም ከ1947 እስከ 1948 ሌላ ዘመቻ ተላከ። በዚህ ጊዜ የሄዱት ጥቂት ሰዎችና ሁለት መርከቦች ብቻ ነበሩ። ቀያሾች በሄሊኮፕተር እየተጓዙ በባሕሩ ዳርቻ ባሉት ዐለቶች ላይ እየወረዱ የሥፍራዎቹን ልክ ወሰዱ። አስቀድሞ የተነሡት ፎቶግራፎች ለካርታ የበቁት ከዚህ በኋላ ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው ከአየር ያየው፣ ጥቂት ሰዎች ምድር ላይ ቆመው እስኪለኩት ድረስ ፍሬው አልተሟላም ነበር።

፭. ነጭ በነጭ ላይ

በዋልታ አገር ፎቶግራፍ ማንሣት ከሌላው አገር ይልቅ አስቸጋሪ የሆነባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ብርዱ የካሜራውን ዘይት ያረጋል፤ ፊልሙን እንደ ደረቀ ቅጠል ያደርቀውና ይሰብረዋል። ኮምፓስ በምድር መግነጢስ ዋልታ አጠገብ ሊታመን አይችልም። ከሁሉም የሚከፋው ግን የብርሃኑ ጠባይ ነው። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን፣ ከደመናው ወደ በረዶው የሚወርደውና ከበረዶው ወደ ደመናው የሚመለሰው ብርሃን ይተካከላል። በዚያን ጊዜ ጥላ ይጠፋል፤ ሰማይና ምድር አንድ ነጭ ነገር ይሆናሉ፤ አድማስም አይለይም። አየሩ ንጹሕ ሆኖ ሩቅ ያለ ጥቁር ዐለት ቢታይ እንኳ፣ ፊት ለፊት የቆመ የበረዶ ዳገት ለጥ ያለ ሜዳ ይመስላል።

ኅዳር 28 ቀን 1979 ከኒውዚላንድ የተነሣ የመንገደኞች አውሮፕላን ለጉብኝት ወደ አንታርክቲካ በረረ። በውስጡ 237 መንገደኞችና 20 የበረራ ሠራተኞች ነበሩ። ብዙዎቹ መንገደኞች ካሜራ ይዘው በየመስኮቱ ያነሡ ነበር። አብራሪዎቹ በበረዶ በተሸፈነ ለጥ ያለ የባሕር ወሽመጥ ላይ የሚበሩ መስሏቸው ዝቅ አሉ። ይሁን እንጂ በአውሮፕላኑ ኮምፒዩተር ውስጥ የተሞላው የጉዞ መስመር ከበረራው በፊት ተለውጦ ነበር፤ ለውጡም ለአብራሪዎቹ አልተነገራቸውም። መስመሩ የሚመራቸው ካሰቡት ሥፍራ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወደሚገኘው፣ 3794 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ኤሬበስ ተራራ ነበር። አውሮፕላኑ በተራራው የታችኛው ዳገት ላይ ተከሰከሰ፤ 257ቱም ሰዎች አለቁ።

በመጀመሪያ የተደረገው ምርመራ ጥፋቱን በአብራሪዎቹ ላይ ጣለ። ነገር ግን ከፍርስራሹ መካከል የመንገደኞቹ ካሜራዎች ተገኝተው ፊልሞቻቸው ታጥበው ነበር። ከእነዚህ ጥቂቶቹ አደጋው ከመድረሱ በፊት ባሉት የመጨረሻ ጊዜያት የተነሡ ናቸው። ፎቶግራፎቹም አውሮፕላኑ ከደመና በታች፣ በንጹሕ አየር ውስጥ ይበር እንደነበረ፣ በጎንና በጎንም ባሕሩና ጥቁሩ ዐለት በግልጽ ይታይ እንደነበረ አሳዩ። በ1981 ሪፖርቱን ያቀረበው የምርመራ ኮሚሽን ይህን ከሌሎች ማስረጃዎች ጋር መርምሮ፣ ዋናው ምክንያት የጉዞው መስመር ለአብራሪዎቹ ሳይነገር መለወጡ መሆኑን፣ በረዶና ደመናም ተዋሕደው ተራራውን ከዐይናቸው እንደሰወሩት ገለጠ። በስሕተቱ ተወቃሾች ሆነው የነበሩት ሙታን መልስ መስጠት በማይችሉበት ጊዜ፣ የመንገደኞቹ ፎቶግራፎች ስለ እነርሱ መሰከሩ።

፮. የቆዩ ፎቶግራፎች አዲስ ምስክርነት

ከአየር የተነሣ ፎቶግራፍ በጊዜው ከታሰበለት ዓላማ በላይ የሚያገለግልበት ጊዜ አለ። የዴንማርክ አሳሾች በ1930ዎቹ ለካርታ ሥራ ሲሉ የግሪንላንድን ዳርቻ ከአውሮፕላን አንሥተው ነበር። ፎቶግራፎቹ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በመዝገብ ቤት ተረስተው ከኖሩ በኋላ ተገኙ፤ በ2012 ተመራማሪዎች እነርሱን ከዘመናችን የሳተላይት ሥዕሎች ጋር በማነጻጸር የበረዶ ግግሮቹ በሰማንያ ዓመታት ውስጥ እንዴት ሲያፈገፍጉ እንደቆዩ አሳይተዋል። እንደዚሁም የኖርዌይ ባለሙያዎች በ1936 እና በ1938 በስቫልባርድ ደሴቶች ላይ ካነሧቸው ፎቶግራፎች፣ በ2022 ተመራማሪዎች ከ1500 የሚበልጡ የበረዶ ግግሮችን የቀድሞ ከፍታ ለማውጣት ችለዋል። ይህም የተቻለው የጥንቶቹ አንሺዎች ፎቶግራፎቹን በጥንቃቄ ደራርበው ስላነሡ፣ በሥዕሎቹም ውስጥ ያልተንቀሳቀሱና ዛሬም ልካቸው የሚታወቅ ዐለቶች ስለሚገኙ ነው።

የዊልኪንስ የክሬን የበረዶ ግግርም እንደገና በዓለም ዘንድ ስሙ ተጠርቷል። ይህ ግግር የሚፈስሰው ላርሰን ቢ የተባለ፣ በባሕር ላይ የተንሳፈፈ ሰፊ የበረዶ ንጣፍ ወደነበረበት ሥፍራ ነው። ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ 2002 ባለው አጭር ጊዜ ውስጥ፣ ከንጣፉ 3250 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህሉ ተሰባብሮ ተበታተነ። ይህም የአዲስ አበባን ከተማ ስፋት ስድስት እጥፍ ያህል ነው። አደጋውን ከሰማይ ሆነው ያነሡት ሳተላይቶች ናቸው።

የተንሳፈፈ በረዶ ቢቀልጥ የባሕርን ከፍታ እምብዛም አይጨምርም፤ ምክንያቱም ቀድሞውኑ በውሃው ላይ ያረፈ ነው። ንጣፉ ግን ከበስተኋላው ያሉትን ግግሮች እንደ ግድብ ደግፎ ይይዛቸው ነበር። ድጋፉ በጠፋ ጊዜ የክሬን ግግርና ጎረቤቶቹ ፍጥነታቸውን ጨምረው በየብስ ላይ የነበረውን በረዶ ወደ ባሕር ማፍሰስ ጀመሩ። የአንታርክቲካ በረዶ በሙሉ ቢቀልጥ የዓለምን ባሕሮች ወደ 58 ሜትር፣ የግሪንላንድ በረዶ ደግሞ ወደ 7 ሜትር ከፍ ሊያደርጋቸው ይችላል። ይህ በአንድ ሰው ዕድሜ የሚሆን ነገር ባይሆንም፣ ባሕሩ ጥቂት እንኳ ቢጨምር በቀይ ባሕርና በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ያሉት ወደቦችና መንደሮች ሳይቀሩ ይነካሉ። ስለዚህ በዋልታ ላይ የሚነሣው ፎቶግራፍ በሩቅ ያለውን አገር ብቻ የሚመለከት ጉዳይ አይደለም።

፯. ማጠቃለያ

ከ2009 እስከ 2019 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት በሁለቱ ዋልታዎች ላይ በየዓመቱ አውሮፕላኖችን ሲያሰማራ፣ ከካሜራዎቹ ጋር የበረዶውን ከፍታ በጨረር የሚለኩ መሣሪያዎችን አብሮ ይጭን ነበር። ይህም ከዊልኪንስ ዘመን የተገኘው ትምህርት ፍሬ ነው። ማየትና መለካት ተለያይተው ሲሄዱ ያልነበረ ወሽመጥ በካርታ ላይ ተሣለ፤ ሰባ ሺህ ፎቶግራፎችም ሥራቸውን ሳይፈጽሙ ቆዩ። በኤሬበስ ተራራ ላይ ደግሞ ያሉበትን ሥፍራ ሳያውቁ በጠራ አየር የበረሩ ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ። ሁለቱ በተባበሩ ጊዜ ግን፣ ከሰማንያ ዓመት በፊት የተነሣ ፎቶግራፍ ለዛሬው ትውልድ እርግጠኛ ምስክር ሆኗል።

መልመጃ

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በቃል መልሱ።

1. በመግቢያው ላይ በተራራ ጫፍ የቆመው ሰው ምን ማየት ይችላል? ምንስ መመለስ ያቅተዋል?
2. በቁልቁል ፎቶግራፍና በሰያፍ ፎቶግራፍ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
3. ዊልኪንስ ግራሃም ላንድን የደሴቶች ስብስብ ነው ያለው ምን አይቶ ነው? ስሕተቱስ በምን ታወቀ?
4. የራይሚል ቡድን አሠራር ከዊልኪንስ አሠራር በምን ይለያል?
5. ከ1947 እስከ 1948 የተላከው ዘመቻ ለምን አስፈለገ?
6. ከኤሬበስ ተራራ አደጋ በኋላ የመንገደኞቹ ፎቶግራፎች ምን አስረዱ?
7. የተንሳፈፈው የበረዶ ንጣፍ መሰባበር የየብሱን በረዶ የነካው እንዴት ነው?

ለ. የሚከተሉት ዐረፍተ ነገሮች ትክክል ከሆኑ «እውነት»፣ ካልሆኑ «ሐሰት» በማለት መልሱ። ሐሰት የሆኑትንም አስተካክላችሁ ጻፉ።

1. በአንታርክቲካ የመጀመሪያው የአየር ፎቶግራፍ የተነሣው ከአውሮፕላን ነው።
2. አውሮፕላኑ ከመሬቱ የሚርቅበት ከፍታ ካልታወቀ የፎቶግራፉ መስፈርት በትክክል አይታወቅም።
3. በርድና ባልደረቦቹ ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ካሜራውን ጣሉ።
4. የክሬን ወሽመጥ ተብሎ የተሰየመው የበረዶ ግግር ነው።

ሐ. በ«ሀ» ሥር የተሰጡትን ቃላት በ«ለ» ሥር ከተሰጡት ፍቺዎች ጋር አዛምዱ።

«ሀ»
1. አድማስ
2. ወሽመጥ
3. ባሕረ ገብ ምድር
4. ቀያሽ
5. ሰያፍ

«ለ»
ሀ. ሁለት የውሃ አካሎችን የሚያገናኝ ጠባብ ባሕር
ለ. መሬትን በመሣሪያ የሚለካ ባለሙያ
ሐ. ሰማይና ምድር የተገናኙ መስሎ የሚታይበት መስመር
መ. ያጋደለ፣ ቀጥ ያላለ
ሠ. በሦስት ወገን በውሃ የተከበበ የብስ

መ. ሰዋስው። «ለካ» አድራጊ፣ «ተለካ» ተደራጊ፣ «አስለካ» አስደራጊ ግሥ ነው። በዚህ ምሳሌ መሠረት የሚከተሉትን ግሦች ወደ ተደራጊና ወደ አስደራጊ ለውጡ፤ በእያንዳንዱም አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

1. ሰበረ
2. ጻፈ
3. መረመረ
4. ሰየመ

ሠ. ስሌት። የአንድ ካሜራ ሌንስ የትኩረት ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ነው። አውሮፕላኑ ከባሕር ወለል በላይ 4500 ሜትር፣ ከሥሩ ያለው የበረዶ አምባ ደግሞ 1500 ሜትር ከፍ ቢል፣ በፎቶግራፉ ላይ ያለው 1 ሴንቲ ሜትር በምድር ላይ ስንት ሜትር ይሆናል? መልሱን ያገኛችሁበትን መንገድ በሦስት ዐረፍተ ነገሮች አስረዱ።

ረ. ድርሰት። «ያዩትን ሁሉ ከመናገር በፊት መመርመር» በሚል ርእስ፣ ከአካባቢያችሁ አንድ ምሳሌ በመውሰድ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ። ድርሰቱ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ይኑረው።